ከደባርቅ ቦይ የተቀዳ ጭቃ

ሐምሌ ላይ፣ ደባርቅ ዝናቡ ጋብ ሲልላት፣ ከመንገድ ዳር ቦይ በሃይላንድ ጠርሙስ ጎርፍ ቅዱና መስኮት ላይ አስቀምጡት። አሸዋው እጃችሁን አድርቃችሁ ሳትጨርሱ ከሥር ይዘቅጣል። ደለሉ ሰዓታት ይወስድበታል። ከላይ የቀረው ውሃ ግን በማግስቱም ጉሽ ጠላ እንደመሰለ ነው። የሚያደፈርሰው ሸክላ ነው፤ የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከ2 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር 500ኛ እጅ ያነሰ።

ወንዝም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጠጠሩን ገደል ሥር ጥሎ፣ አሸዋውን መንገድ ላይ እያራገፈ፣ ደቃቁን ይዞ ይነጉዳል። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በተከዜ አድርጎ ሱዳን ይገባል፣ ከአትባራ ጋር ዓባይን ይቀላቀላል። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሳይጠናቀቅ በፊት ወደ ሜዲትራኒያን ጠረፍ ይደርስ ከነበረው ደለል አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነበር፤ ሩብ ያህሉም የሚሄደው በአትባራ በኩል ነበር። እንግዲህ በግብፅ ቡሩሉስና መንዛላ ሐይቆች ዳር የተኛው ጨዋማ ረግረግ የእኛ የድሮ ማሳ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በእንዲህ ያለ ረግረግ ማን እንደሚኖር በዋናነት የሚወስነው የቅንጣቱ መጠን ነው። አሸዋ በአሸዋ ላይ ሲከመር በመካከሉ ክፍተት ይተርፋል፤ ለዓይናችን ምንም ነው፣ ከፀጉር ዘለላ ለቀጠነው ኔማቶድ ትል ግን ሰፊ ጎዳና ነው። በዚያ የሚኖሩ ኮፔፖድ የተባሉ ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመዶችም በቀዳዳው ለመሹለክ እንዲመቻቸው ሰውነታቸው ቀጥኖና ረዝሞ ትል መስሏል። ጭቃ ውስጥ ይህ ጎዳና የለም። ነዋሪው ወይ እየገፋ መቆፈር፣ ወይ ከላይ መቅረት አለበት።

ከቦታ ጥበት የሚብሰው የአየር እጦት ነው። አሸዋ ውሃ ስለሚያሳልፍ ኦክስጅን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጭቃ ግን ይዘጋል፤ ኦክስጅኑ ከላይ ባሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ያልቃል። ከዚያ በታች ጭቃው ጥቁር ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሽታው የባክቴሪያዎች ትንፋሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ኦክስጅን ሲያጡ በባሕር ውሃ ውስጥ ባለው ሰልፌት ይተነፍሳሉ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ያወጣሉ።

እኔን የሚገርሙኝ ግን ዳያተሞች ናቸው። ባለ አንድ ሕዋስ ናቸው፤ ቤታቸው እንደ መስታወት ከሲሊካ የተሠራ ነው። የአሸዋዎቹ ቅንጣቷን የሙጥኝ ብለው ይኖራሉ። የጭቃዎቹ ተንሸራታች ናቸው፦ ባሕሩ ቀን ላይ ሲጎድል ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ፣ ጭቃውም ወርቃማ ቡኒ ይለብሳል፤ ውሃው ሊመለስ ሲል ተመልሰው ይሰርጋሉ።

ዳባት ያለ ገበሬ ይህን ሁሉ ሳይነገረው ግማሹን ያውቀዋል። ዋልካ ክረምት ሙሉ ውሃ ሲያቁር እህሉ ይገረጣል፤ አየር ያጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ለመተንፈሻ ተጠቅመው ናይትሮጅኑን ወደ አየር ይለቁታል። ጭንጫ መሬት ውሃ አይዝም፤ እዚያ ደግሞ ችግሩ ጥም ነው፣ ኔማቶድ ያለ ስስ የውሃ ሽፋን መንቀሳቀስ አይችልምና። ሸክላ ክፉ ብቻ አይደለም። በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የተወሸቀ ባክቴሪያ የሚያሳድደው ፕሮቶዞዋ ሊገባበት የማይችል ምሽግ አግኝቷል። ጎርፍ አስቀድሞ የሚወስደው ታዲያ ይህንኑ ደቃቁን ነው።

ዛሬ ከዚህ የሚወርደው ጭቃ ባሕር አይደርስም። ብዙው ሱዳን ውስጥ ይቀራል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አትባራ ላይ የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ውሃ ከሚይዝበት ቦታ ግማሽ ያህሉን ደለል በልቶታል። ቅንጣቱ ያው ነው፣ አየር አልባነቱም ያው። ነገር ግን የወንዝ ውሃ እንደ ባሕር ሰልፌት የለውም፤ ስለዚህ በግድብ ጭቃ ውስጥ ቦታውን የሚይዙት ሌሎች ደቂቅ ሕይወታት ናቸው፣ የሚያወጡትም ጋዝ ሽታ የለውም። ሚቴን ነው።