ለሁሉ የተከፈተ የምድር ሥዕል፤ የአንድ አሜሪካዊ ወረዳ ምሳሌ

የአንድን ወረዳ መሬት የሚያስተዳድር ሹም ዘወትር የሚቀርብለት ጥያቄ ሦስት ዓይነት ነው። ይህ ማሳ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ውሃው ከየት ወደ የት ይወርዳል? ቀድሞስ ይህ ቦታ ምን ነበር? በዱሮ ዘመን ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከሽማግሌ አፍና ከቀላድ ጣይ ገመድ ነበር። ዛሬ ግን ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ለማንም ሰው ያለ ዋጋ ይሰጣል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራና እስከ የት ድረስ እንደሚታመን ለማስረዳት፣ ሥራው ከ80 ዓመት በላይ የቈየበትን አንድ የአሜሪካ የገጠር ወረዳ ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

ወረዳው በአዮዋ ክፍለ ግዛት የሚገኘው ፖካሆንታስ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ማለት በእኛ አገር ወረዳ እንደ ማለት ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም፣ ከሰሜን ወደ ደቡብም 24 ማይል ያህል ሲሆን፣ በ2020 በተደረገው ቈጠራ የተገኘበት ሕዝብ ከ7 ሺህ ብዙ አይበልጥም። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ባላገሩ በቆሎና አኩሪ አተር ያርሳል። ምድሩ በጥንት ዘመን ግግር በረዶ ተኝቶበት የነበረ ስለ ሆነ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው፤ ተዳፋት ስለሌለውም ውሃው መሄጃ አጥቶ በየጐድጓዳው ይተኛ ነበር። ነዋሪዎቹ ከመሬት በታች የሸክላ ቧንቧ እየቀበሩ፣ ውሃውንም ወደ ቦይ እያወረዱ ረግረጉን አጠነፈፉት። ስለዚህ በዚያ አገር የመሬት ነገር ሲነሣ የውሃ ነገር አብሮ ይነሣል።

አሜሪካኖች ምድራቸውን ፎቶግራፍ ከማንሣታቸው አስቀድሞ በሠንጠረዥ ከፋፍለውት ነበር። በ1785 በወጣው ደንብ መሠረት ቀያሾች አገሩን በሰንሰለት እየለኩ 6 ማይል በ6 ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ከፈሉት፤ እያንዳንዱንም አራት ማዕዘን እንደ ገና በ36 ከፈሉት። ከ36ቱ አንዱ 640 ኤከር ነው፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ቢባል በእኛ ልክ 6 ጋሻ ተኩል ያህል ይሆናል። ቀያሾቹ በየማዕዘኑ ምልክት ተከሉ፤ በመንገዳቸው ያገኙትንም ረግረግ፣ ጅረትና ዛፍ በመዝገብ ጻፉ። የቀላድን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን መዝገቡ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው።

ፎቶግራፉ የመጣው በችግር ምክንያት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የእህል ዋጋ እጅግ ስለ ወደቀ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1933 ባወጣው ሕግ የሚዘራውን መሬት ለቀነሰ ገበሬ ገንዘብ ሊከፍል ቈረጠ። ለመክፈል ደግሞ እያንዳንዱ ገበሬ ስንት ኤከር እንደ ዘራና ስንት ኤከር እንደ ተወ መታወቅ ነበረበት። በሰንሰለትና በመለኪያ መንኰራኵር በየማሳው መዞር ብዙ ቀንና ብዙ ሰው ፈጀ። ስለዚህ የእርሻ ሚኒስቴሩ በአይሮፕላን የእርሻውን አገር ካውንቲ በካውንቲ ማስነሣት ጀመረ። አይሮፕላኑ በቀጥታ መሥመር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሲያነሣ፣ አንዱ ሥዕል ከሚቀጥለው ጋራ ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ ይደረጋል፤ ሁለቱን ተደራራቢ ሥዕሎች በልዩ መነጽር አጣምሮ የተመለከተ ሰው ኰረብታው ከፍ ብሎ፣ ሸለቆውም ዝቅ ብሎ ይታየዋልና። በሥዕሉ ላይ 1 ኢንች የሆነው በምድር 20 ሺህ ኢንች ነበር፤ ለሥራ ሲፈለግ ግን 1 ኢንች ለ660 ጫማ እስኪሆን ድረስ ይጐላ ነበር። ሠራተኛው ይህን ትልቅ ወረቀት ይዞ ወደ ገበሬው ይሄዳል፤ ሁለቱ አብረው ቆመው የማሳውን ዳርቻ ያሠምራሉ፤ ከዚያም ፕላኒሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ በመሥመሩ ላይ ስትዞር ስፋቱን ትናገራለች። ገበሬው በፊቱ የተሠመረውን ልክ ሐሰት ነው ለማለት እንደሚከብደው የታወቀ ነው።

እነዚያ ፎቶግራፎች ለአንድ ዘመን ክፍያ ተብለው የተነሡ ሲሆኑ፣ ሳይጣሉ በመቀመጣቸው ዛሬ ከክፍያው የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣሉ። የአዮዋ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የ99ኙን ካውንቲ የ1930ዎቹን ሥዕል ከኋለኞቹ ዘመናት ሥዕሎች ጋራ በኢንተርኔት አኑሮታል። ፈላጊው ገንዘብ ሳይከፍል፣ ማመልከቻም ሳይጽፍ፣ የአንዱን ማሳ የአያቱን ዘመንና የዛሬውን መልክ ጐን ለጐን ያያል። ከ2003 ጀምሮም የእርሻ ሚኒስቴሩ ሰብሉ በቆመበት ወራት አገሩን በየጊዜው እያስነሣ ለሕዝብ ይሰጣል። ከሳተላይት የሚገኘው ሥዕል ከዚህ የደበዘዘ ቢሆንም መላውን ዓለም ያዳርሳል፤ ላንድሳት የተባለው በ1972 የተጀመረ ሲሆን፣ አንዱ ሥዕል በ600 ዶላር ይሸጥ ከነበረ በኋላ በ2008 በነፃ እንዲሰጥ ተወሰነ። ከ2015 ወዲህም ሴንቲኔል 2 የተባለው የኤውሮፓውያን ሳተላይት 10 ሜትር የሆነውን ቦታ እየለየ በነፃ ያሳያል።

የአፈሩ ካርታም እንዲሁ ክፍት ነው። በአዮዋ እያንዳንዱ የአፈር ዓይነት በቆሎ ለማብቀል ባለው ችሎታ ከ5 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ግብር ገማቹም የእርሻውን መሬት ዋጋ ሲያከፋፍል ይህን ነጥብ ይመለከታል። ግብር በዛብኝ የሚል ባለ መሬት የራሱንና የጐረቤቱን ግምት አስተያይቶ አቤቱታውን በቍጥር ያቀርባል። ሹሙ የሚያየውን ሥዕል ባላገሩም ስለሚያየው፣ ነገሩ በማስረጃ እንጂ በድምፅ ብርታት አይወሰንም። በእኛ አስተያየት ከመሣሪያው ረቂቅነት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ነገር ግን ሥዕሉ የተነሣበትን ወር ሳይጠይቁ ማንበብ ያሳስታል። በሐምሌ የተነሣ ሥዕል በቆሎው ሁሉን ሸፍኖት ማሳውን አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ያስመስለዋል። በዚያው ማሳ በሚያዝያ፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት፣ ዝናም ከጣለ ከጥቂት ቀን በኋላ የተነሣ ሥዕል ግን የምድሩን ሆድ ይገልጣል። የተቀበረ ቧንቧ ባለበት ላይ ያለው አፈር ቀድሞ ስለሚደርቅ ነጣ ያለ መሥመር ሆኖ ይታያል፤ ውሃ የሚተኛበት ጐድጓዳም እንደ ጠቈረ ይቀራል። አባት ቀብሮት ልጅ የት እንዳለ ያላወቀው ቧንቧ በዚህ መንገድ ይገኛል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ማሳ ሁለት ሥዕል ይዘው ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት ይዘው ሊሆን ይችላል።

የገበሬው ኑሮ በፎቶግራፍ የሚመዘንበትም ጊዜ አለ። በ1985 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ ከዲሴምበር 23 ቀን 1985 ወዲህ ረግረግ አጠንፍፎ የሚያርስ ሰው ከመንግሥት የሚያገኘውን የእርሻ ርዳታ እንዲያጣ አዘዘ፤ ከዚያ ቀን በፊት ጠንፍፎ ይታረስ የነበረው ግን ነፃ ነው። አሁን ምስክሩ ማን ነው? ሽማግሌው ዓመቱን ይዘነጋል፤ ቧንቧ ቀባሪውም ሞቷል። የቀረው በየዓመቱ የተነሣው ሥዕል ነው። ሹማምንቱም አንዱን ዓመት ብቻ አይተው እንዳይፈርዱ፣ የአያሌ ዓመታትን ሥዕል ከየዓመቱ የዝናም ልክ ጋራ እንዲያመዛዝኑ ተደንግጓል፤ ዝናም በበዛበት ዓመት ደኅናውም መሬት ረግረግ ይመስላልና። እንዲህም ሆኖ ክርክር አይጠፋም። በደቡብ ዳኮታ አንድ ገበሬ 0.8 ኤከር ብቻ ስለሆነች እርጥብ ቦታ ከመንግሥት ጋራ ተሟግቶ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደረሰ። ገበሬው ውሃው ረግረግ ሳይሆን በዛፎች አጥር ሥር የተከመረው በረዶ ሲቀልጥ የሚወርድ ነው ይል ነበር። በ2016 ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት ፈረደ። ለማንም ይፈረድ፣ ሥዕል ውሃ እንዳለ ያሳያል እንጂ ውሃው ከምን እንደ መጣ አይናገርም።

ሁሉ ክፍት ነው ማለትም አይደለም። በ2008 የወጣው የእርሻ ሕግ በ1619ኛው ክፍሉ፣ ገበሬ ለእርሻ ሚኒስቴሩ ስለ እርሻው የሰጠውን ቃልና ሚኒስቴሩ የያዘውን የየማሳውን የወሰን መሥመር ለሌላ ሰው መስጠት ከልክሏል። የመሬቱን መልክ ማንም ያያል፤ ማን የቱን ማሳ በምን እንዳረሰ ግን በሚኒስቴሩ ዘንድ ተዘግቶ ይቀመጣል። ይህን ክልከላ ያልወደዱ ተመራማሪዎች አሉ። እኛ ግን ገበሬው ለመንግሥት የሰጠው ቃል በነጋዴ እጅ እንዳይገባ መደረጉን መልካም እንለዋለን፤ ባይሆን ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን የሚናገር አይገኝም ነበር።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የካውንቲዎቹ የመሬት ካርታ የየሰውን ወሰን በፎቶግራፉ ላይ አሥምሮ ያሳያል። ተመልካቹ መሥመሩ በጐረቤት አጥር ውስጥ ሲያልፍ አይቶ ተወሰደብኝ ብሎ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው አጥሩ ሳይሆን መሥመሩ ነው፤ ካርታው ለግብር ሥራ የተዘጋጀ እንጂ ለወሰን ፍርድ አይደለምና። ወሰን ሲያከራክር የሚጠራው ፈቃድ ያለው ቀያሽ ነው፤ እርሱም የቀድሞዎቹን ቀያሾች የማዕዘን ምልክት ፈልጎ ከዚያ ይለካል።

በአገራችን ነገሩ በአንድ በኩል ይለያል፤ በአዮዋ መሬት የግለሰብ ንብረት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በ1995 በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ሆኖም የልኩ ሥራ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። በ1998 በትግራይ የተጀመረው የይዞታ ደብተር በገመድና በጐረቤት ምስክርነት የተሠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ደረጃ ምስክር ወረቀት ግን ከሰማይ በተነሣ በተቃና ሥዕል ላይ ባለ ይዞታውና ጐረቤቶቹ ቆመው ወሰኑን እያሳዩ የሚሠመር ነው። የተሠመረው ካርታ ስሕተት ቢኖርበት እንዲታረም በሕዝብ ፊት ይዘረጋል። የወረዳ ሹም ይህን ቀን ለሥርዓት ብቻ እንዳያሳልፈው እንመክራለን፤ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወይም ወደ ሌላ አገር ለሥራ የሄደ ሰው በዚያ ቀን ካልተገኙ መሥመሩ ያለ እነርሱ ቃል ይጸናል።

ለዱሮው ዘመን ምስክር የሚሆን ሥዕልም ከእኛ ዘንድ አልጠፋም። ጣልያኖች ከ1935 እስከ 1941 በኢትዮጵያ ላይ ያነሧቸው 34 ሺህ ያህል ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ በካርታ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ተገኝተዋል። ፎቶግራፎቹ አራት አራት እየሆኑ ከ8 ሺህ በሚበልጡ ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሣ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጥቂት ዘንበል ያሉ፣ ደግሞም አንድ እጅግ ዘንበል ብሎ ሩቁን የሚያሳይ አለ። ደን ወይም ወንዝ የት ድረስ ይደርስ እንደ ነበር ለመለካት የሚፈልግ ሰው የሚይዘው ቀጥ ብሎ የተነሣውን ነው፤ በገደላማ አገር እርሱም በባለሙያ ካልተቃና ኰረብታውን አስፍቶ ሸለቆውን አጥብቦ ያሳያል። ዘንበል ያሉት ግን ስፋት ለመለካት አይሆኑም፤ የተራራውን ጐን፣ በላዩም የነበረውን ዛፍና እርሻ ለመመልከት ያገለግላሉ።