ዓረፍተ ነገር ሲረዝም ዕውቀት ይጨምራል?

ተረት፦ ረጅም ዓረፍተ ነገር የተማረ ሰው ምልክት ነው።

ከአርሲ ነገሌ ብዙም ስለማይርቀው አብያታ ሐይቅ ሪፖርት ጻፍ የተባለ ሰው፣ በቢሮ አማርኛ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«እንደሚታወቀው የአብያታ ሐይቅ መውጫ የሌለው ከመሆኑ ጋር ተያይዞ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚገባለት ውኃ ለመስኖ አገልግሎት በመዋሉና የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ውኃ የመሳብ ሥራ ሲያከናውን በመቆየቱ ምክንያት የመጠን መቀነስ በማሳየቱ በአዕዋፍ ላይ ጉዳት መድረሱ ተስተውሏል።»

እውነታ፦ ውሸት የለበትም። ግን አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ አንባቢው ያን ሁሉ «በመዋሉ»ና «በመቆየቱ» ተሸክሞ እስከ አራት ነጥቡ ይጓዛል። እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው «ተስተውሏል» ነው። ማን አስተዋለ? «የመሳብ ሥራ ሲያከናውን»ስ «ሲስብ» ቢባል ምን ይጎድላል? እንደገና ይጻፍ፦

«አብያታ እየሸሸ ነው። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ህልውናው በሚገባለት ውኃ ላይ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ የሚመጣለትን ውኃ መስኖ ቀነሰበት፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከራሱ ከሐይቁ ሳበ። ውኃው ሲያንስ ጨዉ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን አጡ።»

ቃላቱ አልቀነሱም። ምክንያትና ውጤት ግን ተራቸውን ይዘዋል፤ ፔሊካኖቹም ከ«አዕዋፍ» ውስጥ ወጥተው ታዩ።

ተረት፦ እንግዲያው ሁሉንም ማሳጠር ነው።

ይህም አያዋጣም። «ሐይቁ ሸሸ። መስኖ አለ። ፋብሪካ አለ።» ብንል «ለምን» የሚለው መልስ አብሮ ይጠፋል። «ማልዶ ተነሥቶ፣ ነገሌ ገበያ ወርዶ፣ እህሉን ሸጦ፣ ጨው ገዝቶ ተመለሰ» ግን ረጅም ሆኖ አያደክምም፤ ባለቤቱ አንድ ነው፣ እያንዳንዱ ድርጊት ሳያልቅ ሌላው አይጀምርም። የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰው ረጃጅሞቹን ዓረፍተ ነገሮች በጆሮው ብቻ ተከትሏቸዋል። የቢሮውን ሪፖርት በሬዲዮ ሞክሩት እስቲ!

ተረት፦ አንቀጽ ማለት አምስት ስድስት መስመር ነው። አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ነው። ሐይቁ ለምን እንደሸሸ እየጻፍን «መስኖው ቢቆም ገበሬው ምን ይሁን?» የሚል ከመጣ፣ ሁለተኛው መስመር ላይም ብንሆን አዲስ አንቀጽ እንክፈት።

ተረት፦ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው ጥሩ አማርኛ አይጽፍም።

ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የዓድዋ አካባቢ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታውም በትግርኛ ነው። ቀለል ባለ አማርኛው ግን ማን ይስተካከለዋል? አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ የነገሌ ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር ቀድሞለታል፤ አፋን ኦሮሞም ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ጽፎ ያሳያል፤ ፊደላችን አያሳይም። ስለዚህ «ልጁ ይመታል» ብሎ ቢተወው መቺው ይሁን ተመቺው አይለይም። «ልጁ ኳሷን ይመታል» ወይም «ልጁ በአባቱ ይመታል» ብሎ ይጨርሰው።