ተሳቢው ሲቆም፦ ጥንቃቄ፣ ተወኩልና አማና

አዘዞ ከጎንደር በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣውና ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ትገኛለች። ረጅም መንገድ የሚሄድ ከባድ መኪና አንድም ሊያድር፣ አንድም ጭነት ሊጠብቅ ይቆምባታል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ሥራ ሲቀዘቅዝ መቆሙ ከአንድ ሌሊት ያልፋል። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህ፣ ቀጥሎም በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ የመተማን መስመር ተስፋ አድርጎ የሚኖር ባለ መኪና ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። አንዳንዴም መኪናው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ተሳቢው ብቻውን ተነጥሎ ይቀራል።

ለመሆኑ ይህ ተሳቢ የማን ነው? ብዙውን ጊዜ ወንድማማቾች አዋጥተው፣ ዘመድ አበድሯቸው የገዙት ነው። የሹፌሩና የረዳቱ እንጀራ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት ሁሉ ከእርሱ ይወጣል። ሌሊት ጎማው ወይም ሸራው ተሰርቆ ሲያድር የሚጎዳው አንድ ባለ ሀብት ብቻ ሳይሆን ብዙ ቤት ነው። ስለዚህም ጉዳዩን በቤተሰብ ደረጃ ልንነጋገርበት ወደድን።

ተወኩልና ቁልፍ

አንዳንድ ወንድሞቻችን «የአላህ ጥበቃ ይበቃል» ይሉና ንብረታቸውን ያለ ቁልፍ ትተው ይሄዳሉ። የአላህ ጥበቃ በእርግጥ ከሁሉ በላይ ነው። ነገር ግን ቲርሚዚ ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቀ ጊዜ፣ በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ ነግረውታል። ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲስም ሲመሽ የአላህን ስም እያወሳን በራችንን እንድንዘጋ ያስተምረናል። ስሙን ማውሳትና በሩን መዝጋት አብረው የታዘዙ ናቸው።

የፊቅህ ሊቃውንትም «ሒርዝ» የሚሉት ነገር አለ። ንብረት እንደየዓይነቱ የሚጠበቅበት ተገቢ ቦታ ማለት ነው። የወርቁ ሒርዝ ሣጥን፣ የከብቱ ሒርዝ በረት ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት የስርቆትን ሐድ ሲያብራሩ ንብረቱ ከሒርዙ የተወሰደ መሆኑን ይመለከታሉ። ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ (ረ.ዐ.) መስጊድ ውስጥ ኩታውን ተንተርሶ በተኛበት መሰረቁን መሠረት አድርገውም፣ ባለቤቱ አጠገቡ ሆኖ የሚጠብቀው ንብረት በሒርዝ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል ብለዋል። ታዲያ የአንድ ተሳቢ ሒርዝ ምንድን ነው? መልሱ አጥር፣ ቁልፍና ታማኝ ሰው ነው።

የሲራራ ነጋዴዎች ልማድ

ይህ ለጎንደር ሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች አባቶቻችን በነጋድራስ እየተመሩ ወደ መተማና ወደ ምፅዋ ሲወርዱ፣ በየሰፈሩበት ጭነቱን አንድ ላይ ይከምሩ፣ አጋሰሱን ያስሩ፣ በተራ ያድሩ ነበር። ብቻውን የሚያድር ነጋዴ ለሽፍታ ሲሳይ መሆኑን ስለሚያውቁ አብሮ ማደርን ይመርጣሉ። ዛሬም ከጨለማ ዳር ብቻ መቆምን ትቶ መብራትና ሰው ባለበት፣ ከሌሎች ባለ መኪኖች ጋር ማደሩ የመጀመሪያው ጥበቃ ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

ብቻውን የቀረ ተሳቢ አደጋው ተስማሚ ማያያዣ ያለው ማንኛውም መኪና መጥቶ ሊጎትተው መቻሉ ነው። ስለዚህ የመጎተቻው ብረት ወደ ግድግዳ ዞሮ ወይም በሌላ መኪና ተዘግቶ ይቁም። የማያያዣው ቀዳዳ በጠንካራ ጓጉንቸር ይቆለፍ። ወፍራም ሰንሰለትም በጎማዎቹ ቸርኬ መካከል አልፎ ከሻንሲው ጋር ይታሰር።

የነፋስ ፍሬን ያለው ተሳቢ ቱቦው ሲነቀል ፍሬኑ ይይዛል። ሆኖም በአሮጌ ተሳቢዎች ላይ ነፋሱ ቀስ በቀስ ስለሚያልቅ ፍሬኑ ሊለቅ ይችላል። ድንጋይ ወይም ታኮ ከጎማው ፊትና ኋላ ማድረግ አይዘንጋ።

ሙሉው ተሳቢ ባይወሰድ እንኳ ዕቃው በጥቂት በጥቂቱ ሊጎድል ይችላል። ቅያሪ ጎማው በሰንሰለት ይታሰር። የባትሪው ሣጥንና የናፍጣው ክዳን ቁልፍ ይኑራቸው፤ የናፍጣው በርሜል ያለበት ጎን ወደ ግድግዳ ቢዞር ይመረጣል። ሸራና ገመድ ሥራ ካልያዙ ተጠቅልለው ቤት ይግቡ።

ቀጥሎ ምልክት ማድረግ ነው። የሻንሲውን ቁጥር፣ የየጎማውን ቁጥርና የባትሪውን ዓይነት በደብተር መዝግበን፣ በስልክ ፎቶ አንስተን፣ ከሊብሬው ጋር ቤት እናስቀምጥ። በብሪታንያ ቤተሰቦች ለሽርሽር የሚጎትቷቸው ባለ ጎማ ቤቶች ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ስለሚከርሙ ሌባ ያይባቸዋል። ለዚህም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልዩ መዝገብ ይመዘገባሉ፤ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያቸውም በመስኮቶቻቸው ላይ ይቀረጻል። እኛም የሻንሲውን ቁጥር በጎማ፣ በባትሪና በሳንቃ ላይ ብንጽፈው ሌባው ለመሸጥ ይቸገራል፤ ፖሊስም ዕቃውን ለባለቤቱ ለመመለስ ይቀለዋል።

ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራሳችን ንብረት ስርቆት እንደማይከፍልም እናስታውስ።

ዘበኛውና ረዳቱ

ከቁልፍ ሁሉ የሚበልጠው ቁልፍ የሰው አማና ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዘናል። ወንድሜ ረዳት ሆይ! ከበርሜሉ የምትቀዳት አንዲት ጀሪካን ናፍጣ ባለቤቱ ባያውቃት አላህ ያውቃታል። ከእርሷ የሚገዛው ዳቦ ሐላል አይደለም።

ባለ ንብረቱም ራሱን ይጠይቅ። ሌሊቱን በአዘዞ ብርድ ለሚያድረው ዘበኛ ደመወዙ በጊዜው ተከፍሎታልን? ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ ያዝዛል። ካፖርት፣ ባትሪና ፊሽካ ያልተሰጠው፣ ሁለት ወር ያልተከፈለው ሰው እንዲተጋልን መጠበቅ ፍትሕ አይሆንም። አንድ ባለ መኪና ብቻውን ካልቻለ አራት አምስት ሆነው አንድ ግቢ ቢከራዩና ሁለት ዘበኛ በፈረቃ ቢያሠሩ ወጪው ይቀላል።

ገዢ ባይኖር ሌባ ባልኖረ

ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው። ሌሊት የተፈታ ጎማ ቀን ገዢ ያገኛል። ዋጋው ከገበያው በግማሽ ሲወርድ፣ ሻጩ ደረሰኝም ስምም ሳይኖረው ሲቀር ልባችን ይጠረጥራል፤ እጃችን ግን ይዘረጋል። ይህ በወንጀል መተባበር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መቀበልን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወድቆ ለተገኘ ዕቃ እንኳ ምልክቱን አውቀን አንድ ዓመት እንድናስነግርለት ካዘዙን፣ ሰው ተዘርፎ የመጣን ዕቃ በርካሽ መግዛት ከየት ይፈቀድልናል?

ወላጆችም ልጃቸው ምንጩን የማያውቁትን ገንዘብ ወይም ዕቃ ይዞ ሲገባ ዝም አይበሉ። «ከየት አመጣኸው?» የምትል የእናት ጥያቄ ከብዙ ሰንሰለት የበለጠች ጥበቃ ናት። ተሳቢ የሌለን አንባብያንም ባጃጅ፣ ሞተር ወይም ጋሪ ይኖረናልና ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

እንግዲህ ቆልፈን፣ መዝግበን፣ የዘበኛችንን ሐቅ ከፍለን፣ ቢስሚላህ ብለን እንተኛ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ንብረት ቢጠፋ ቀደሩን በሰብር እንቀበላለን፤ የሚገባንንም አድርገናልና ጸጸት አይኖርብንም። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ እጃችንንም ከሰው ሐቅ ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።