«ሲንግል ኪያሲ»፦ የስዋሂሊ የጋብቻ ግሥ እና የአንድ የናይሮቢ ድራማ ፍጻሜ

«ሲንግል ኪያሲ» የተሰኘው የኬንያ ተከታታይ ድራማ በሾውማክስ መታየት የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ጋቶኒ ሙቱዋ፣ ፌይዝ ኪባቲ እና ሚኒ ካሪዩኪ የሚተውኑበት ይህ ድራማ የሦስት የናይሮቢ ጓደኛሞችን የፍቅር፣ የሥራና የትዳር ውጣ ውረድ በቀልድ እያዋዛ ይተርካል፤ ታሪኩም በሦስተኛው ምዕራፍ ተቋጭቷል። መነሻው «አንሜሪድ» የተባለ የደቡብ አፍሪካ ድራማ ነው። ወደ ናይሮቢ ሲሻገር ግን ርእሱ አልተተረጎመም፤ ተለወጠ እንጂ። «ያላገቡ» የሚል ፍች ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ቀርቶ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ስዋሂሊ የሆነ ሐረግ ተተካ። ለውጡን የገበያ ብልሃት ብቻ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። የስዋሂሊን የጋብቻ ግሥ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ግን ከሰዋስው የሚመነጭ ምክንያት አለው።

በስዋሂሊ «ኩኦአ» (ማግባት) የሚለው ግሥ ባለቤት በልማድ ወንድ ነው። ሴቲቱ ባለቤት የምትሆነው በተገብሮው «ኩኦሌዋ» ነው። «ጁማ አሜኦአ» ሲባል ጁማ አግብቷል ማለት ሲሆን፣ ስለ ሴቲቱ ሲነገር «አሜኦሌዋ ና ጁማ» ይሆናል፤ «ና» እዚህ ላይ የተገብሮ ድርጊት ፈጻሚን የምታመለክተው መስተዋድድ ናት። (በአድራጊው ቅርጽ የማይታየው «ል» በተገብሮው ብቅ የሚለው፣ በአናባቢዎች መካከል የጠፋ የቆየ የባንቱ ድምፅ ቅሪት በመሆኑ ነው።) ሁለቱን እኩል የሚያስቀምጠው የእርስ በርስ ቅርጽ «ኩኦአና» ነው፤ ይህ ግን ጥንዶቹን በአንድነት ስለሚጠራ፣ ስለ አንዲት ሴት ብቻ ሊነገር ሲፈለግ አያገለግልም። የሥርዓቱ ጽናት ይበልጥ የሚታየው ሲገለበጥ ነው። በኬንያ አነጋገር በሚስቱ ቤትና ገንዘብ ስለሚኖር ወንድ «አሜኦሌዋ» ከተባለ ነገሩ ስድብ ነው። አንድ ቅጥያ ብቻውን ቀልድም ዘለፋም ይሆናል፤ የናይሮቢ አስቂኝ ድራማ ደራሲ ይህን መሣሪያ ያለ ምንም ድካም በእጁ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ጊዜን ይመለከታል። ያላገባች ሴት በስዋሂሊ «ሃጃኦሌዋ» ትባላለች። ቃሉ ሲፈታ «ሃ-» አሉታንና ሦስተኛ መደብን፣ «-ጃ-» «እስካሁን» የሚል ፍችን ያመለክታል፤ «-ኦሌዋ» ደግሞ ተገብሮው ነው። የ«-ጃ-» ባሕርይ ድርጊቱ አለመፈጸሙን ብቻ ሳይሆን ሊፈጸም የሚጠበቅ መሆኑንም መናገሩ ነው። ያለፈ ጊዜ አሉታ የሆነው «ሃኩኦሌዋ» አለ፤ ግን የተዘጋ ታሪክን ስለሚያወሳ ዛሬ በሕይወት ስላለችና ስለምትወጣ ስለምትገባ ሴት አይመችም። ስለዚህ «አግብተሻል?» ለሚል ጥያቄ የተለመደው መልስ «ባዶ» ይሆናል፤ የአማርኛው «ገና ነኝ» ማለት ነው። ተናጋሪዋ ጋብቻን ብትፈልገውም ባትፈልገውም፣ ቋንቋው በመጠባበቂያ ክፍል ያስቀምጣታል።

እንግሊዝኛው «ሲንግል» የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ቃሉ የተዋሰው ዘመናይነትን ለማሳየት ብቻ አይደለም፤ ከተገብሮውም ከ«ገና»ውም የሚያስመልጥ ቅጽል ስለሆነ ጭምር ነው። «ንኮ ሲንግል» የምትል ሴት አልተወሰደችም፣ አልቀረችም፣ አትጠብቅም፤ ያለችበትን ትናገራለች። ስዋሂሊ «ምሴጃ» የሚል ስም ቢኖረውም በአብዛኛው ለወንድ የሚነገር በመሆኑ ከአማርኛው «ላጤ» ጋር ይቀራረባል። የደቡብ አፍሪካው ርእስ «አንሜሪድ» በአሉታ ቅጥያ የተሠራ ስለሆነ፣ ወደ ስዋሂሊ ቢመለስ መውደቂያው ያው «ሃጃኦሌዋ» ነበር። የናይሮቢዎቹ አዘጋጆች ይህን አስበውበት ይሁን በጆሯቸው ብቻ ተመርተው፣ ምርጫቸው ትክክል ነበር።

«ኪያሲ» ደግሞ የተሰጠውን ነጻነት በከፊል መልሶ ይወስዳል። ቃሉ ከዐረብኛው «ቂያስ» (ልክ፣ መለኪያ) የመጣ ነው። የመጀመሪያው ቀለም «ኪ-» ከስዋሂሊ የስም መደብ ቅድመ ቅጥያ ጋር በመግጠሙ ብዙ ቁጥሩ «ቪያሲ» ሆኗል፤ «ኪታቡ» «ቪታቡ» እንደሆነው መሆኑ ነው። ከቅጽል በኋላ ሲመጣ «በመጠኑ» የሚል ፍች ይሰጣል። የርእሱ ቃል ተራ ስዋሂሊያዊ ነው፤ መጠን አመልካቹ ቅጽሉን ይከተላል። የእንግሊዝኛ ቅጽል በስዋሂሊ የሐረግ መዋቅር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ካሮል ማየርስ ስኮተን በ1993 ባሳተመችው፣ አብዛኛውን ማስረጃዋን ከናይሮቢ በወሰደችበት ሥራዋ፣ በቅይጥ ንግግር ውስጥ አንዱ ቋንቋ መዋቅሩን ሌላው ቃሉን እንደሚያዋጣ ተከራክራ ነበር፤ ለዚህ ክርክር ከሁለት ቃላት ርእስ ያጠረ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በፍችም ረገድ «በመጠኑ ሲንግል» የሚለው በናይሮቢ ለሚታወቁ ብዙ ኑሮዎች ይስማማል፤ ተለያይታ ያልተፋታችውን፣ ወዳጅ ኖሯት የማትገልጸውን፣ ኬንያውያን «ካም ዊ ስቴይ» በሚሉት፣ ያለ ሰርግና ያለ ምዝገባ አብሮ በመኖር ያለችውንም ያቅፋል። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን ዓይነቱን ኑሮ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» በማለት በረጅም ሐረግ ይገልጸዋል፤ የኬንያ ጎዳና በሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ጨርሶታል።

እንዲህ ያለ ቅይጥ የማን ንግግር ነው? ድራማው የሚስለው ኑሮ እንደ ኪሌሌሽዋ፣ ኪሊማኒና ላቪንግተን ያሉ የምዕራብ ናይሮቢ ሰፈሮች ኑሮ ነው። በኪሌሌሽዋ የቀድሞዎቹ ባለ ሰፊ ግቢ ቪላዎች እየፈረሱ በአፓርታማ ፎቆች ተተክተዋል፤ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትኖር ባለሙያ ሴት በዚያ ብርቅ አይደለችም። (የሰፈሩ ስም በ«-ሽዋ» ማለቁ የተገብሮ ግሥ ያስመስለዋል፤ ይሁንና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚበቅለው መዓዛማ ቁጥቋጦ «ሌሌሽዋ» መባሉን ማስታወስ ይገባል።) አብዱልአዚዝና ኦሲንዴ በ1997 ባወጡት ጥናት፣ መዋቅሩ ወደ ስዋሂሊ የሚያዘነብለውን ሼንግን ከከተማዋ ምሥራቅ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚያዘነብለውን ኢንግሽን ከባለጸጎቹ ምዕራብ ጋር አያይዘው ነበር። የድራማው ርእስ ይህን ድንበር ያደበዝዘዋል፦ ለምዕራቡ ሰፈር ኑሮ የተሰጠ ሆኖ አሠራሩ የስዋሂሊ ነው።

የመጨረሻ ምዕራፍ ለ«ኪያሲ» ፈተና ነው። የሴት ጓደኛሞች አስቂኝ ድራማ የሚኖረው በመጠን፣ በመሃል ቤት ነው፤ ፍጻሜ ግን ወይ ሰርግ ወይ መለያየት ይጠይቃል። በዚህ ዘውግ በዓለም ዙሪያ የታወቀው የአሜሪካው «ዴስፐሬት ሀውስዋይቭስ» በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. ስምንተኛውን ምዕራፍ ሲዘጋ፣ አራቱ ጎረቤታሞች አንድ በአንድ ሰፈሩን ለቀው ሲሄዱ አሳይቷል፤ በእንግሊዝኛ መውጫው በር የቦታ ለውጥ ሊሆን ቻለ። በስዋሂሊ የሚነገር መደምደሚያ ግን ስለ ትዳር ባወራ ቁጥር ከግሡ ጋር ይጋጠማል። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ «ሲንግል» ስትባል የቆየች ሴት በመጨረሻ «አሜኦሌዋ» ከተባለች፣ ቅጽሉ የሰጣትን ባለቤትነት ተገብሮው ይነጥቃታል።

ጉዳዩ የአማርኛ ተርጓሚንም ይነካል። ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ተመልካቹን ከዚህ ሥራ ጋር አላምዶታል። አማርኛ ለወንድም ለሴትም አንዱን «አገባ» ይጠቀማል፤ ግሡ ከ«ገባ» በ«አ-» የተሠራ፣ በቅርጹ አስደራጊ ነው። ተገብሮ የሚፈልግ «ተዳረች» ይላል፤ ያኔ ግን ድርጊት ፈጻሚው ባል መሆኑ ቀርቶ ወላጅ ይሆናል። «ሃጃኦሌዋ» «አላገባችም» ተብሎ ሲተረጎም «ገና»ው ይጠፋል፤ «ገና አላገባችም» ሲባል ይመለሳል፣ ተገብሮው ግን አይመለስም። በአማርኛ «ገና» ከግሡ ውጭ ያለ ተውሳከ ግሥ በመሆኑ ሊጣል ይችላል፤ ይህን ቀላል የሚመስል ነጻነት የስዋሂሊ ተናጋሪ የለውም። ለወንዱ የተሰነዘረው ስድብ ደግሞ «እሷ ናት ያገባችው» በሚል ይተርፋል፤ ቀልዱ በተገብሮ ሳይሆን በአጽንኦት ይሠራል። በውሰት ግሦችም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፦ የናይሮቢዋ ሴት «አሜኒብሎክ» ብላ የእንግሊዝኛውን ግሥ በስዋሂሊ ቅጥያዎች መካከል ስትሰካው፣ የአዲስ አበባዋ «ብሎክ አደረገኝ» ብላ ረዳት ግሥ ትጠራለታለች።

ይህ ሁሉ በቀጥታ ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ባለሙያ ይታየዋል። ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ግርጌ ጽሑፍ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ግን «ሃጃኦሌዋ»፣ «ንኮ ሲንግል» እና «ሃኩኦሌዋ» ሦስቱም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሆነው ተርጓሚው ዘንድ ሊደርሱ ይችላሉ። በሁለት አፍሪካዊ ቋንቋዎች መካከል የሚሠራ መዝገበ ቃላትና የትርጉም ሥልጠና በሌለበት፣ የአዲስ አበባ ተመልካች የምትሰማው የናይሮቢዋ ጓደኛ ከተገብሮው ጋር የተጋጠመችበትን ሳይሆን፣ እንግሊዝኛው አስቀድሞ ያስታረቀውን ንግግር ነው።