ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ፦ መሸጥ ወይስ መለወጥ?

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፤ ያገለገለውን የናፍጣ ፒካፕ ለግለሰብ ከመሸጥና ለዲለር አስረክቦ በሌላ ከመለወጥ የትኛው እንደሚበጅ ስትመረምሩ፣ አስቀድማችሁ ግብሩን አስሉ። የሚኒሶታ ሕግ 6.875 በመቶውን የሽያጭ ግብር የሚጥለው የአሮጌው ግምት ከአዲሱ ዋጋ ተቀንሶ በሚተርፈው ላይ ስለሆነ፣ ዲለሩ 20,000 ዶላር ቢገምትላችሁ 1,375 ዶላር ከግብር ይድናል፤ ስለዚህም ግለሰቡ ገዥ ከ21,375 ዶላር በላይ ካልከፈለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ዲለሩ ግን ይህን ትርፍ እንደ ራሱ ቸርነት አድርጎ ሊተርክላችሁ ይችላልና፣ የአሮጌውን ግምትና የአዲሱን ዋጋ ለየብቻ በጽሑፍ ጠይቁ።

የክረምቱ የመንገድ ጨው ሻሲውን የበላው ወይም የጭስ ማጣሪያው የታፈነ ከሆነ፣ ጉድለቱን ሳይሰውሩ ለዲለር ማስረከብ ከብዙ ሙግት ያድናል፤ የጥገናው መዝገብ ምሉዕ የሆነውን ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ተጎታች የሚስብ የእጅ ባለሙያ አብልጦ ይገዛዋል። ያን ጊዜ ታይትሉን ፈርማችሁ፣ ሽያጩን ለክፍለ ግዛቱ የተሽከርካሪ መዝገብ ቤት ሳትዘገዩ አስታውቁ።