ለጉልበት የተቀመመ፣ ለቁርጭምጭሚት የታዘዘ

ቁርጭምጭሚት የቅልጥም አጥንት፣ ከጎኑ ያለው ቀጭን አጥንትና ከሥራቸው የተቀመጠው ታለስ የተባለ የእግር አጥንት የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን፣ ማለትም ልም አጥንት፣ ሲሳሳና ሲላጥ የሚከተለው ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። ይህ ሕመም በጉልበትና በዳሌ ላይ በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ የሚመጣ ሲሆን፣ በቁርጭምጭሚት ላይ ግን ከ10 ታማሚዎች 7 ያህሉ ቀደም ሲል ስብራት ወይም ተደጋጋሚ ወለምታ የደረሰባቸው ናቸው። ራምሴይና ሃሚልተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ ታለስ 1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ውጭ ሲሸሽ አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በአማካይ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ ለክተዋል። ጫናው በጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ልም አጥንቱ ቶሎ ያልቃል፤ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ወለምታ ነው ተብሎ ራጅ ሳይነሣ በወጌሻ የታሸ እግር ውስጥ ስብራት ቢኖርና አጥንቱ ተዛንፎ ቢገጥም፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ታማሚዎቹ ብዙ ጊዜ ገና በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ በመሆናቸው፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚያሳርፋቸው ነገር መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ወደ መገጣጠሚያ የሚሰጥ መርፌ ይህን ያሟላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይቋጭ የቆየው፣ መልሱ በአመዛኙ ከጉልበት ጥናቶች ሲወሰድ በመኖሩ ነው። የቁርጭምጭሚት ልም አጥንት ግን ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ከጉልበቱ በጣም የሳሳ፣ የሕመሙም መነሻ የተለየ ነው።

ከመርፌዎቹ ቀዳሚው ስቴሮይድ ነው። ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ኮርቲሶንን ለመገጣጠሚያ ታማሚ ከሰጠ በኋላ እሱና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች በ1950 የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሲሆን፣ በ1951 ደግሞ ጆሴፍ ሆላንደር የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም ሃይድሮኮርቲሶንን በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያ የመውጋትን ውጤት አሳተመ። ስቴሮይድ ብግነትን፣ ማለትም እብጠቱንና ትኩሳቱን፣ በማብረድ ሕመሙን ለሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል፤ ያለቀውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። እ.ኤ.አ. በ2017 በ140 የጉልበት ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት ስቴሮይድ የተወጉት ጨዋማ ውሃ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው ይበልጥ እንደሳሳና ሕመማቸው ግን በተለየ ሁኔታ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከጉልበት መዋስ ካልቀረ፣ ከተስፋው ጋር ይህም ማስጠንቀቂያ አብሮ ሊወሰድ ይገባል።

ሁለተኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ በጤናማ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝ ዝልግልግ ንጥረ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 የፈቀደው ለጉልበት ሲሆን፣ ለቁርጭምጭሚት የሚሰጠው ከዚያ ፈቃድ ውጭ በሐኪሙ ውሳኔ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ያገኛቸው የቁርጭምጭሚት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ስለነበሩ፣ ይጠቅማል ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር አላስቻሉትም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ተስፋ የተጣለበት፣ ከታማሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጀው ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም በማሽን በፍጥነት ሲሽከረከር ቀዩ ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ በፕሌትሌት፣ ማለትም ደምን በሚያረጉና ቁስል እንዲሽር በሚያግዙ ጥቃቅን ሕዋሳት፣ የበለጸገ ነው። ይህ ፈሳሽ በኔዘርላንድስ በ100 የቁርጭምጭሚት ታማሚዎች ላይ ተፈትኗል። ግማሽ ያህሉ ፕሌትሌቱን፣ የቀሩት ጨዋማ ውሃ በ6 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ታማሚውም ሆነ ሐኪሙ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከ26 ሳምንት በኋላ ሕመምንና የእግርን አገልግሎት ከ100 በሚለካው መመዘኛ ፕሌትሌት የተወጉት በ10 ነጥብ፣ ጨዋማ ውሃ የተወጉት በ11 ነጥብ ተሻሽለዋል። ሁለቱም ለታማሚው ትርጉም አለው ከተባለው የ12 ነጥብ ለውጥ አልደረሱም።

እዚህ ላይ ጨዋማ ውሃ የተወጉትም መሻላቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሰው መርፌ የሚሻው ሕመሙ በጠናበት ሰሞን በመሆኑና ይህ ሕመም በተፈጥሮው አንዴ የሚጠና አንዴ የሚረግብ ስለሆነ፣ ምንም ባይደረግ እንኳ ብዙዎቹ ከሳምንታት በኋላ ቀለል ሊላቸው ይችላል፤ ተስፋና የሐኪም ክትትልም ይጨመሩበታል። መርፌ ተወግቶ ዳንኩ የሚለው ታማሚ እየዋሸ አይደለም፤ የዳነበት ምክንያት ግን በሲሪንጅ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ላይሆን ይችላል። ብዙ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው ይህ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ እውነት ነው።

መርፌው ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቦታው ጠባብ፣ በጅማት፣ በነርቭና በደም ሥር የታጠረ በመሆኑ፣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ከሚታየው ወፍራም ጅማት በውስጥ በኩል ይገባል፤ በአልትራሳውንድ እያየ ቢያደርገው ደግሞ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል። ስቴሮይድ የስኳር ሕመምተኛን የደም ስኳር ለቀናት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። አጥንቶቹን የማጋጠም ወይም መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ የመተካት ቀዶ ሕክምና በቀረበበት ጊዜ መርፌው ሲሰጥ የኢንፌክሽን ሥጋት ስለሚጨምር፣ ቀዶ ሐኪሞች ከመርፌው በኋላ 3 ወር ያህል መቆየትን ይመርጣሉ፤ በመሆኑም የተወጋው መድኃኒት ስምና የተወጋበት ቀን በታማሚው ካርድ ላይ መጻፍ አለበት።