የላሊበላ የልደት ተሳላሚዎች

በየዓመቱ፥ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት ሲከበር፥ በላስታ ተራሮች መካከል ያለችው የላሊበላ ከተማ ከነዋሪዎችዋ ቍጥር እጅግ የሚበልጥ እንግዳ ትቀበላለች። ዕለቱ የጻድቁ ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ የልደት መታሰቢያም ስለ ሆነ ለአገሩ ሰው ደስታው ድርብ ነው። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የውጭ አገር ጐብኚም በዝቷል።

ብዙ ጊዜ እንግዳ የሚለየው በመጣበት አገርና በሚያወጣው ገንዘብ ነው። ይህ መለኪያ ግን ለበዓል አይበቃም። በዓል ብዙ ሰዎች በኅብረት የሚሠሩት ሥራ ነውና፥ እንግዳው ከማን ጋር እንደ ዋለና ለባልንጀራው ምን እንዳካፈለ መመልከት ይሻላል። በዚህ ዓይን ስናየው ሕዝቡ በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያው እግረኛው ተሳላሚ ነው። ከላስታና ከዋግ፥ ከዚያም ከራቀ አገር፥ በሶና ቆሎ ሰንቆ ከአጥቢያው ሰዎች ጋር ብዙ ቀን ይጓዛል። ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ ወጣቱ ሽማግሌውን ይደግፋል። ለእርሱ በዓሉ የሚጀምረው ከቤቱ ሲወጣ ነው።

ሁለተኛው ከሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከጽዋ ማኅበር ጋር በአውቶቡስ የሚመጣው ነው። በመንገድ ይዘምራል፥ ይማራል። ይሁን እንጂ ፍቅሩ በራሱ ማኅበር ውስጥ ታጥሮ እንዳይቀር ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ቤተ ሰቡን ይዞ በአውሮፕላን ወይም በመኪና መጥቶ በሆቴል የሚያርፈው ነው። መንገዱ ስለሚያጥርለት ከማንም ሳይተዋወቅ ሊመለስ ይችላል።

አራተኛው ለማየት የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ነው። አንዳንዱ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ቋንቋ ባይኖረው ከገበሬው ጋር ማዕድ ቀርቦ ይጫወታል።

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ባላገሩ ነው። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ያሳየውን ትሕትና በመከተል የተሳላሚውን እግር ያጥባል፤ ያበላል፥ ያጠጣል። በወረርሽኙ ምክንያት የጐብኚ ገቢ ከተቋረጠበት፥ በ2013 ዓ.ም. ክረምትም ጦርነት ከደረሰበት በኋላ እንኳ፥ የ2014 ዓ.ም. ልደት በዚያው ስፍራ ተከብሯል።

በቤዛ ኵሉ ጊዜ ካህናቱ እኩሌቶቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት ጠርዝ ላይ፥ እኩሌቶቹ ከታች ሆነው ዝማሬውን ይቀባበላሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፥ የታቾቹ የኖሎት ምሳሌ ናቸው። አንዱ ወገን ዝም ቢል ዝማሬው ይጐድላል። እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ምቾት በበዛ ቍጥር ብዙ ቀን በእግሩ የተጓዘው ሰው ለባለ መኪናው ትርኢት ሆኖ፥ ባለ መኪናውም ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

ስለዚህ በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን የምንሄድ ቤተ ሰቦች ለራሳችን ከያዝነው ስንቅ ሌላ ለማናውቀው ሰው የሚሆን እንጨምር። ልጆቻችን እግር በሚታጠብበት ቦታ ውኃ ያቅርቡ፥ ፎጣ ይያዙ። አረጋውያንን ከየት እንደ መጡ በአክብሮት ይጠይቁ፤ የማንንም ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ አያንሡ። ወደ ቤት ሲመለሱም ያዩትን ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ያገለገሉትን ሰው እንዲነግሩን እንጠይቃቸው።